ፌዴርብ የተባለችው ጀልባና የባሮ ወንዝ

ከጎሬ ደጋ ቁልቁል ወርዶ ወደ ጋምቤላ ሜዳ የሚዘልቀው የባሮ ወንዝ ከሌሎቹ የኢትዮጵያ ታላላቅ ወንዞች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ዓባይና ተከዜ በገደል መካከል እየተምዘገዘጉ ስለሚሄዱ ከውጭ የመጣ መርከብ በእነርሱ ላይ ወደ አገር ውስጥ ሊገባ አይችልም። ባሮ ግን ከጋምቤላ በታች ሜዳ አግኝቶ ይረጋጋል፤ ከፒቦር ጋር ሲገናኝ ሶባት ይባላል፤ ሶባትም ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል። ስለዚህ ክረምት ገብቶ ውኃው በሞላ ጊዜ ከካርቱም የተነሣ መርከብ በኢትዮጵያ ተራራ እግር ሥር መልሕቁን ሊጥል ይችላል። በጋ ሲሆን አሸዋው ብቅ ይላል፤ መንገዱም ይዘጋል። ይህን በር ሰው አይከፍተውም፤ ዝናም ይከፍተዋል፤ ድርቅ ይዘጋዋል። በዚህ ወንዝ ላይ የተደረገውን ነገር ለመረዳት የሚፈልግ ሁሉ አስቀድሞ ይህን ልብ ሊል ይገባዋል።

በ1888 ዓ.ም. የዐድዋ ድል ከሆነ በኋላ የአውሮፓ መንግሥታት ፊታቸውን ወደ አዲስ አበባ መለሱ። እንግሊዝ ከግብጽ ተነሥታ የዓባይን ሸለቆ ሽቅብ ለመያዝ ትገሰግስ ነበር። ፈረንሳይ በበኩልዋ ከምዕራብ አፍሪካ ተነሥታ የነጭ ዓባይን ዳር ለመያዝና በኢትዮጵያ በኩል ከጅቡቲ ጋር ለመገናኘት አሰበች። ዳግማዊ አፄ ምኒልክም ዝም ብለው የሚመለከቱ ንጉሥ አልነበሩም፤ ሚያዝያ 14 ቀን 1883 ዓ.ም. ለአውሮፓ ነገሥታት በጻፉት ደብዳቤ የጥንቱን ወሰን እስከ ካርቱምና እስከ ኒያንዛ ሐይቅ ለመመለስ ማሰባቸውን አስታውቀው ነበር። በመጋቢት ወር 1889 ዓ.ም. ከፈረንሳይ መልእክተኛ ከላጋርድ ጋር በተዋዋሉት ውል የነጭ ዓባይ ቀኝ ዳር ለኢትዮጵያ፣ ግራ ዳር ለፈረንሳይ እንዲሆን ተነጋገሩ። ከዚያው ዓመት ሳይወጡ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከሮድ ጋርም ሌላ ውል ተፈራረሙ፤ ከደርቡሾቹ አለቃ ከኸሊፋውም ጋር ደብዳቤ መጻጻፋቸውን አልተዉም። አንዳንድ የአውሮፓ ጸሐፊዎች ይህን ወላዋይነት ብለውታል። ዳሩ ግን በሦስት ወገን የጦር ኃይል የተከበበ ንጉሥ ለአንዱ ብቻ ቃሉን ሰጥቶ ሁለቱን ጠላት ቢያደርግ ኖሮ ወላዋይ ባይባልም አላዋቂ መባሉ አይቀርም ነበር።

ከኢትዮጵያ በኩል ወደ ነጭ ዓባይ ለመድረስ መጀመሪያ የሞከረው በፈረንሳዊው በማርኪ ደ ቦንሻን የሚመራው ጓድ ነው። በጎሬ በኩል ወርዶ የባሮን ዳር ይዞ ሄደ፤ በረኃብና በንዳድ ብዙ ሰውና ከብት አለቀበት። በ1890 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ወደ ሶባት ከተቃረበ በኋላ ረግረጉን መሻገሪያ ጀልባ አጥቶ ተመለሰ። አንዲት ጀልባ ብቻ! ከፓሪስ እስከ አዲስ አበባ ስንት ደብዳቤ የተጻፈበት፣ ስንት ገንዘብ የወጣበት ዘመቻ በመጨረሻው ሰዓት የሚንሳፈፍ እንጨት ስላልነበረው ብቻ ከሸፈ።

ቀጥሎ የዘመቱት የጎሬው ገዥ ደጃዝማች ተሰማ ናደው ነበሩ፤ እኒህም ኋላ ራስ ቢትወደድ ተብለው የልጅ ኢያሱ እንደራሴ የሆኑት ናቸው። በ1890 ዓ.ም. ከጎሬ ተነሥተው ወደ ቆላ ወረዱ። የደጋው ወታደር የለመደው አየር አልነበረምና ከጠላት ጥይት ይልቅ ንዳዱ ፈጀው። ደጃዝማች ተሰማ ከጦራቸው ከፍለው ወደ ፊት የላኩት ጓድ ግን ሰኔ 16 ቀን 1890 ዓ.ም. ሶባት ከነጭ ዓባይ ከሚገባበት ስፍራ ደረሰ። ከዚሁ ጓድ ጋር አርታሞኖቭ የተባለ የሩሲያ ኮሎኔል ሁለት ኮዛኮቹን ይዞ አብሮ ነበር፤ ከቦንሻን ጓድ የተረፉት ፌቭርና ፖተርም ነበሩበት። የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ በቀኙ ዳር ተተከለ። የፈረንሳይን ሰንደቅ ዓላማ በወንዙ መካከል ባለችው ደሴት ለመትከል ግን አሁንም ጀልባ አልነበረምና አርታሞኖቭና ኮዛኮቹ አዞ ከሞላበት ውኃ ውስጥ ገብተው በዋና ተሻገሩ። ከምዕራብ ይመጣል ተብሎ የተጠበቀው የፈረንሳዊው የማርሻን ጦር በዚያ አልተገኘም፤ ወሬውም አልተሰማም። ስንቅ አልቆ፣ በሽታውም ጸንቶ ስለ ነበር የኢትዮጵያ ጦር ተመለሰ። ማርሻን ከሶባት አፍ ብዙ ከማትርቀው ከፋሾዳ የገባው ሐምሌ 4 ቀን ነው። በሁለቱ መካከል የነበረው ጊዜ 18 ቀን ብቻ ነበር።

ስለዚች 18 ቀን ብዙ ተጽፏል። ማርሻን የዘገየበትን ምክንያት የሚፈልግ ግን ከሰው ይልቅ አንዲት ጀልባን መመርመር አለበት።

ፌዴርብ ለጦርነት የተሠራች መርከብ አልነበረችም። በፈረንሳይ ኮንጎ፣ በኡባንጊ ወንዝ ላይ ዕቃና ሰው የምታመላልስ፣ ሌሎችንም ጀልባዎች የምትጎትት ትንሽ የእንፋሎት ጀልባ ነበረች። ስሟ የሴኔጋል ገዥ ከነበረው ከጄኔራል ፌዴርብ የተወሰደ ነው። ካፒቴን ማርሻን ከ150 ከሚሆኑ የሴኔጋል ወታደሮችና ከጥቂት ፈረንሳውያን መኰንኖች ጋር ከአትላንቲክ ዳር ተነሥቶ ኡባንጊን ሽቅብ ሲወጣ ይህችን ጀልባ ከሰላማዊ ሥራዋ አንሥቶ ለዘመቻው ወሰዳት። ያለ እንፋሎት ጀልባ በዓባይ ላይ እታያለሁ ማለት ከንቱ እንደ ሆነ ያውቅ ነበር፤ በዓባይ ላይ ደርቡሾች የእሳት መርከቦች ነበሩአቸውና።

ነገር ግን የኮንጎና የዓባይ ውኃዎች አይገናኙም፤ በመካከላቸው የውኃ መክፈያ የሆነ ደረቅ አገር አለ። ስለዚህ ጀልባይቱ ብሎን በብሎን ተፈታታ። ጫካው ተመንጥሮ ከመቶ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ተከፈተላት፤ ብረቷ በተሸካሚዎች ራስ ላይ ተጫነ። ተከፋፍሎ ሊሸከሙት የማይቻለው ማፍያ ጋኗ ነበር፤ ይህንም በግንድ ላይ እያንከባለሉ፣ በዳገት እየገፉ፣ በቁልቁለት በገመድ እየያዙ አሳለፉት። ከኖኅ ዘመን ወዲህ መርከብን በደረቅ ምድር ላይ ያየ ሕዝብ ጥቂት ነው። የዚህ ሁሉ ድካም ባለቤቶች የነበሩት ተሸካሚዎች በብዛት በግድ የተያዙ የአገሩ ሰዎች እንደ ነበሩ መዘንጋት አይገባም፤ የመኰንኖቹ ስም በየመጽሐፉ ሲገኝ የእነርሱ የትም አልተጻፈም።

ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ የመጣው መሰናክል ሰው ሊያሸንፈው የማይችለው ሆነ። ፌዴርብ የዓባይ ገባር በሆነው በሱዌ ወንዝ ዳር እንደገና ተገጣጠመች፤ በጋ ነበርና ወንዙ ጐደለ። ካፒቴን ባራትዬ በትንንሽ ጀልባዎች ሆኖ የባሕር ኤል ገዛልን ረግረግ ከወራት ድካም በኋላ መርምሮ መንገዱን አገኘ፤ ፌዴርብ ግን ዝናም እስኪመጣ ድረስ በአሸዋ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ማርሻን ሊታገሥ ስላልቻለ በግንቦት ወር መጨረሻ እርስዋን ወደ ኋላ ትቶ በታንኳና በመቅዘፊያ ጀልባ ቀደመ። የኢትዮጵያ ጦር በሶባት አፍ ቆሞ ወደ ምዕራብ ሲመለከት በነበረበት ቀን ማርሻን በሣርና በደንገል መካከል ጀልባውን እየጎተተ ነበር።

ማርሻን ፋሾዳን ከያዘ በኋላ የሆነውም የመርከብ ነገር ነው። ነሐሴ 20 ቀን 1890 ዓ.ም. ሳፍያና ተውፊቂያ የሚባሉ ሁለት የደርቡሽ መርከቦች በፋሾዳ ምሽግ ላይ አደጋ ጣሉ። እነዚህም መርከቦች በመጀመሪያ የግብጽ መንግሥት ነበሩ፤ በጎርዶን ዘመን በዓባይ ላይ ሲያገለግሉ ቆይተው በጦርነቱ ከደርቡሽ እጅ ወድቀዋል። ሳፍያ እንግሊዞች በ1877 ዓ.ም. የኮሎኔል ዊልሰንን ጓድ ከመከራ ያወጡባት መርከብ ናት፤ በዚያን ጊዜ ማፍያ ጋኗ በመድፍ ተበሥቶ በተኩስ መካከል ተጠግኖላት ነበር። እንግዲህ ይህች መርከብ በዐሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ ሦስት ጌታ አገልግላለች ማለት ነው። የማርሻን ወታደሮች ደርቡሾቹን በጠመንጃ መለሱአቸው፤ በዚያን ቀን ፌዴርብ ገና በመንገድ ነበረች። በአራተኛው ቀን፣ ነሐሴ 24፣ ሰውና ጥይት ይዛ ደረሰች። ከዚያ ወዲያ በወንዙ ላይ የማርሻን ዓይንና እግር ሆነች።

ከዚህ ውጊያ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ሳይነገር ሊታለፍ አይገባም። ከመርከቦቹ አንዱ፣ ተውፊቂያ፣ ርዳታ ለመጠየቅ ወደ ኦምዱርማን ተመለሰ፤ ነገር ግን ነሐሴ 28 ቀን ከተማይቱ በጄኔራል ኪችነር እጅ ወድቃ ነበርና ጳጉሜን 3 ቀን መጥቶ ለእንግሊዞች እጁን ሰጠ። የመርከቡ ሰዎች በፋሾዳ ነጮች እንዳሉ ነገሩ። መኰንኖቹ ከመርከቡ ጎን ላይ የተሰካውን ጥይት ፈልቅቀው ባዩት ጊዜ የአውሮፓ ጥይት ሆኖ ተገኘ። ወረቀት የሌለው ደብዳቤ በብረት ላይ ተጽፎ ለኪችነር ደረሰው ማለት ይቻላል። ወዲያው አምስት የጦር መርከቦች አሰናድቶ ሽቅብ ተነሣ፤ በመንገድም ሳፍያን አግኝቶ በመድፍ መታት። መስከረም 10 ቀን 1891 ዓ.ም. ከፋሾዳ ደረሰ፤ በማግሥቱም በሶባት አፍ የጦር ኬላ አቆመ። ለኢትዮጵያ ታሪክ ከፋሾዳው ንግግር ይልቅ ይህ የሶባቱ ኬላ ይከብዳል። ከሦስት ወር በፊት የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ከተተከለበት አጠገብ የሌላ መንግሥት ወታደር ቆመ፤ ወደ ባሮ የሚያስገባው የውኃ በርም በእርሱ እጅ ሆነ።

እንግሊዝና ፈረንሳይ በፋሾዳ ምክንያት ለጦርነት ተቃርበው እንደ ነበር የታወቀ ነው። በጥቅምት መጨረሻ ፈረንሳይ ለመልቀቅ ቈረጠች። ማርሻን በዓባይ ቁልቁል፣ በእንግሊዝ መርከብ ተጭኖ መመለስን ክብሩን የሚነካ አድርጎ ስለ ቈጠረው በኢትዮጵያ በኩል መሄድን መረጠ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1891 ዓ.ም. ፌዴርብ ሰዎቹንና ዕቃቸውን የያዙትን ጀልባዎች እየጎተተች ከፋሾዳ ተነሣች። በጥንቱ ሥራዋ፣ በጎታችነት፣ የመጨረሻ ጉዞዋን ጀመረች።

ሶባትን ሽቅብ በኑዌር አገር አልፋ ከባሮ ገባች፤ የአኝዋክ መንደሮች ካሉበትም ደረሰች። የተጓዙበት ወር ግን ጥርና ታኅሣሥ ነበር። ውኃው በየቀኑ ይጐድላል፤ አሸዋው ይበረክታል፤ ወታደሮቹ ውኃ ውስጥ እየገቡ ጀልባይቱን በትከሻቸው ይገፉአት ነበር። ወደ ተራራው ግርጌ ሳትደርስ ከዚያ ወዲያ መራመድ አቃታት። የአፍሪካን መካከል በሰው ራስ ላይ ተጭና ያቋረጠችው ጀልባ ውኃ ባጣ ወንዝ ላይ ቆመች። ማርሻንና ሰዎቹ እርስዋን በባሮ ላይ ትተው በእግራቸው ወደ ጎሬ ወጡ፤ ጎሬ ከባሕር ጠለል በላይ 2000 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት ደጋ ናትና ከንዳዱ አገር ለወጡት ሰዎች ሌላ ዓለም መሰለቻቸው። በመጋቢት ወር 1891 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ገቡ፤ አፄ ምኒልክም በክብር ተቀበሉአቸው። ግንቦት 9 ቀን ከጅቡቲ ደረሱ። በፓሪስ ታላቅ አቀባበል ተደረገላቸው፤ ጀልባይቱን ያስታወሰ ግን አልነበረም።

እንደ ፈረንሳዮች ሐሳብ ፌዴርብ ባሮን ሽቅብ የምትመጣው የሁለት መንግሥታትን ጦር ልታገናኝ ነበር፤ የመጣችው ግን የተሸነፈ ጓድ ተሸክማ ነው። በሌላ በኩል ከታየ በእንፋሎት ጀልባ ከነጭ ዓባይ ተነሥቶ ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ግርጌ መቅረብ የሚቻል መሆኑን ለዓለም ያሳየች እርስዋ ናት። ይህን ትምህርት ያልዘነጉት ደግሞ እንግሊዞች ሆኑ።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክና በእንግሊዙ መልእክተኛ በሃሪንግተን መካከል የተፈረመው የወሰን ውል አራተኛው ክፍል በባሮ ዳር፣ በኢታንግ አቅራቢያ፣ ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ እንዲከራይ ይፈቅዳል። የቦታው ርዝመት በወንዙ ዳር ከ2000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ኪራዩም ሱዳን በእንግሊዝና በግብጽ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ እንዲጸና ተደረገ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቦታው ለጦርም ሆነ ለፖለቲካ ሥራ እንዳይውል የተጻፈው ቃል ነው። በዚህ ቃል ላይ የምኒልክ እጅ ጐልቶ ይታያል። ንጉሡ በሶባት አፍ የቆመውን ኬላ ሊያስነሡ አልቻሉም፤ በወንዙ የሚመጣውን መርከብ ቡና ጫኝ እንጂ መድፍ ጫኝ እንዳይሆን በውል ሊያስሩት ግን ሞከሩ። ወሰኑን አጠበቡ ብለው የሚወቅሱአቸው አሉ፤ በመርከብ ለሚመጣ ኃይል መርከብ የሌለው ንጉሥ ከዚህ የተሻለ ምን መከላከያ ሊያቆም ይችል እንደ ነበር ግን ወቃሾቹ አይናገሩም።

ጣቢያው በኢታንግ ሳይሆን ከዚያ በላይ ባለችው በጋምቤላ ተቋቋመ። የሱዳን መንግሥት መርከቦች በየክረምቱ ይመጡ ጀመር። እነዚህ መርከቦች ውኃ ውስጥ ብዙ የማይጠልቁ፣ በኋላቸው በሚዞር መንኰራኵር የሚሄዱ፣ ጭነት የያዙትን ጀልባዎች በፊታቸውና በጎናቸው አስረው የሚነዱ ነበሩ። ከሱዳን ጨውና የጥጥ ልብስ አምጥተው ከኢሉባቦርና ከወለጋ የወረደውን ቡና፣ ሰምና ቆዳ ይወስዱ ነበር። የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች መደብር ከፈቱ፤ በጎሬና በጋምቤላ መካከል ያለው መንገድ በሲራራ ሞላ። የመጨረሻው መርከብ ሳይሄድ ለመድረስ ነጋዴው በጥቅምት ወር የሚጣደፈው ነገር በዚያ አገር የዘመን መቍጠሪያ ሆኖ ነበር።

ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖረው ይህ የሰላም ሥራ በ1928 ዓ.ም. ተናጋ። ፋሺስት ኢጣሊያ አዲስ አበባን ስትይዝ ጎሬ የተረፈው የኢትዮጵያ መንግሥት መቀመጫ ሆነች፤ ልዑል ራስ እምሩም ወደዚያ ሄዱ። ጋምቤላ ለጥቂት ወራት ይህ የተከበበ አገር ከውጭ ጋር የሚገናኝባት በር ነበረች። በ1929 ዓ.ም. ጠላት ጎሬን ያዘ፤ በጋምቤላ ግን ጣቢያው በእንግሊዞች እጅ እንደ ሆነ ቆየ፤ ከበላዩ ያለው ደጋ የኢጣሊያ ሆነ። በሰኔ ወር 1932 ዓ.ም. ኢጣሊያ በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ስታውጅ ጋምቤላም ከጠላት እጅ ገባች። የአራተኛው ክፍል ቃል በዚያን ቀን ፈረሰ ቢባል ስሕተት አይደለም።

በመጋቢት ወር 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ አፍሪካ ወታደሮች ጋምቤላን አስለቀቁ። ከዚያ በኋላ የመጣው የቤልጅግ ኮንጎ ጦር ነው። ከአርባ ሁለት ዓመት በፊት ፌዴርብ ከኮንጎ ወንዞች ወደ ባሮ እንደ መጣች፣ አሁንም የኮንጎ ሰዎች በዓባይ መርከብ ተጭነው ወደዚያው ወንዝ መጡ። ወደ ሳዮ፣ ማለት ወደ ደምቢ ዶሎ፣ ሲወጡ በቦርታይ ጅረት ላይ የኢጣሊያ ጦር ተቋቁሞ አቆማቸው። በጣም ያስቸገራቸው ግን የስንቅ ነገር ነበር። የበልግ ዝናም የሜዳውን መንገድ ጭቃ አድርጎ መኪናውን አቆመው፤ ወንዙ ደግሞ ገና አልሞላምና መርከብ ሊመጣ አልቻለም። ፌዴርብን በሱዌ አሸዋ ላይ ያስቀመጣት፣ ኋላም በባሮ ላይ ያስቀራት ያው ነገር ተመለሰ። በእነዚያ ሳምንቶች ወታደሩ በረኃብና በበሽታ ብዙ ተጐዳ።

ክረምቱ ሲጸና ባሮ ሞላ። በሰላም ዘመን ጨው ያመጡ የነበሩት መርከቦች ጥይትና ዱቄት ጭነው ወደ ጋምቤላ ወጡ። ጄኔራል ዢሊያር የሚያዘው የኮንጎ ጦር በታች በኩል ተጠናክሮ ሲገፋ፣ በሌላ ወገን የኢትዮጵያ አርበኞችና የእንግሊዝ ጦር ስለ ከበቡት የኢጣሊያው ጄኔራል ጋዜራ ሰኔ 26 ቀን 1933 ዓ.ም. በሳዮ ከብዙ ሺሕ ወታደሮቹ ጋር እጁን ሰጠ። ከማረኩት ወታደሮች ብዙዎቹ ከኮንጎ ምድር የመጡ ነበሩ።

ከጦርነቱ በኋላ መርከቦቹ ወደ ቡናቸው ተመለሱ። ሱዳን በታኅሣሥ ወር 1948 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ የውሉ ዘመን በራሱ ቃል አበቃ፤ የጋምቤላ ጣቢያም በ1949 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ።